ባለመቀነቷ ባቄላ

ባለፈው ሳምንት ለንደን፣ ስትሪትሃም፣ ጥርሴን አስነቅዬ ስወጣ ግማሽ ፊቴ የእኔ አልነበረም። ሐኪሙ ሁለት መርፌ ወግቶኛል፤ ከንፈሬን በጣቴ ስነካው የሌላ ሰው ከንፈር የነካሁ ይመስለኛል። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ይህ ገና ሦስተኛው የተነቀለ ጥርሴ መሆኑን ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ተደንቋል። አውቶቡስ ልይዝ ወደ ዋናው መንገድ ስወርድ፣ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ ሽታ መጣብኝ። አፌ ደንዝዟል፣ አፍንጫዬ ግን ደህና ነበር። በአጥሩ ሽቦ በኩል ሳይ ልጆቹ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ባቄላ ዘርተዋል፤ አብቧል። ነጭ አበባ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። ባቄላ አበባው እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ማር አይደለም፣ ሽቶም አይደለም፤ ዝናብ ባቆመ ጠዋት የታጠበ አንሶላ ሲሰጣ እንደሚመጣው ያለ ነገር ነው። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛውም መጣ፣ ሄደ። ምን እያሰብክ ነው የቆምከው ብትሉኝ ምንም እያሰብኩ አልነበረም። ቤቴ ስገባ ግን ወረቀት አወጣሁ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ትምህርት የለም። ይህን የምለው አፍሬበት አይደለም። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ እያልኩ ነው የያዝኩት። ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም፤ አንዱን ፈትቼ አበላሸሁ፣ ሁለተኛውን ፈትቼ ገጠምኩ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከብሪክስተን እስከ ሃክኒ ያለ ሐበሻ የቴሌቪዥኑ ምስል ሲዘልበት፣ ማሞቂያው እምቢ ሲለው፣ ከካውንስል፣ ማለት ከሰፈሩ አስተዳደር፣ የመጣ ደብዳቤ አልገባ ሲለው፣ የሚደውለው ለእኔ ነበር። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ «እስቲ ይህን ፎርም ቼክ አድርግልኝ» እያሉ ሳሎኔ ተራ ይጠብቁ ነበር። ስሜ አበራ ነው፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን አልነበረም። ፕሮፌሰር ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ያወጡልኝ ሊያሾፉብኝ ነው። እኔ አልተቆጣሁም፤ በጠሩኝ ቁጥር አቤት አልኩ። ከጊዜ በኋላ ፌዙ ሄደና ስሙ ቀረ።

የዚያን ጊዜው ብሪክስተን ዛሬ የምታዩት አይደለም። ዛሬ አንድ ስኒ ቡና በአንድ ሙሉ ምሳ ዋጋ የሚሸጡት ቤቶች በቆሙበት ቦታ፣ ያን ጊዜ የጨው ዓሣ የሚሰቅል ሰውዬ ነበር፣ የሰው ሠራሽ ፀጉር ሱቅ ነበር፣ በካርቶን ሙሉ ቃሪያ የሚሸጡ ሴትዮዎች ነበሩ። በባቡሩ ድልድይ ሥር ያሉት የካሴት ሱቆች ሙዚቃቸውን እስከ መጨረሻ ከፍተው እርስ በርስ ይጯጯሁ ነበር፤ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ስትሄድ የሁለት ዘፈን ድብልቅ ነው የምትሰማው። አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ እየፋቅን ቁጥር እንነካ ነበር፤ ካርዱ ግማሽ ሰዓት ይላል፣ ሰላምታ ሳንጨርስ ይቋረጣል። አውቶቡሶቹ ከኋላ ክፍት ነበሩ፤ እየሄዱ ዘሎ መሳፈር ይቻል ነበር። እኔ እስከ ሃምሳ ዓመቴ ድረስ ዘልዬ ተሳፍሬያለሁ፤ አንድ ቀንም አልወደቅሁም። ወንዶቻችን ትከሻው ሰፊ፣ ጉልበት የሚያልፍ ኮት ይለብሱ ነበር፤ ከእሑድ ገበያ የሚገዛ ነው። «የሞተ እንግሊዝ ኮት» እንለው ነበር። እኔም አንድ ነበረኝ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ፤ ኪሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው የቲያትር ቲኬት አግኝቼበታለሁ።

ካውንስሉ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ለሚጠይቅ ሰው ቁራጭ መሬት ያከራያል፤ አሎትመንት ይሉታል። እንግሊዞቹ ድንችና ጽጌረዳ ይተክሉበታል፣ የጃማይካ ሰዎች ዱባና በቆሎ። ከእኛ ሰው ማንም አልነበረም። የእኛ ሰው ያን ጊዜ አገሬ ነገ እገባለሁ እያለ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አላወጣም፤ መሬት ማን ይቆፍራል? እኔ አፕላይ አደረግሁ፣ ተራዬን ጠበቅሁ፣ አገኘሁ። ከአገር ቤት የመጣ ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ በደቡብ ለንደን መጀመሪያ ያበቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ነው የሚል ካለ ይምጣ። ጎረቤቴ ዊንስተን የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ባቄላ የሚወድ። በየዓመቱ ሁለት ረድፍ ይዘራ ነበር። ስለ መሬት ብዙ አስተምሬዋለሁ። እሱም አንድ ሁለት ነገር አስተምሮኛል።

አሁን ወደ ጋሽ ደምሰው ልምጣ። ጋሽ ደምሰው በዕድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኝ ነበር። አገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ መጥፎው ዘመን ሲመጣ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ደረሱ። ስትሪትሃም ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ሰጥተዋቸዋል። ሰውየው ከአንገታቸው ክራቫት አይለያቸውም፤ ወተት ሊገዙ ሲወርዱም ያስራሉ። ትውልዳቸው ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ብርዱ ቆዳ የሚልጥበት አገር ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሰው ወዲህና ወዲያ ማለት ሲጀምር፣ የእሳቸው ወረቀት አላለቀም ነበርና መሄድ አልቻሉም። እናታቸው በዚያ መሐል ሞቱ። መርዶውን ያረዳናቸው እኛ ነን፤ እሑድ ጠዋት ስድስተኛ ፎቅ ወጥተን፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ሁላችንም እያለከለክን። በራቸውን ከፍተው የሰዉን ብዛት ሲያዩ ገባቸው። ያን ቀንም ክራቫት አስረው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቤቴ መጡ። ከደረት ኪሳቸው የተቋጠረ የወንድ ካልሲ አወጡ።

«ፕሮፌሰር፣ እጅህን ዘርጋ» አሉኝ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ካልሲ ለማጠብ ነው የመጡት?»

«አትቀልድ። ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ባቄላ አፈሰሱብኝ። ትንንሽ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ባቄላ፤ የእንግሊዙን ግማሽ አያክልም። እህታቸው ናት በሰው የላከችው። እናትየዋ በመጨረሻ የሰበሰቡት ነው። መሬቱ ለሌላ ሰው ሄዷል፣ እህትየዋ ከተማ ገብታለች፤ የቀረው ተበልቷል። ዘሩ በካልሲው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። መነጽሬን አድርጌ ሳየው ከፍሬዎቹ ግማሽ ያህሉ በጠርዛቸው ዙሪያ ቡናማ መስመር አላቸው፤ ሰው በብዕር የከበባቸው ይመስላሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«መቀነቷ ነዋ» አሉ፤ እንደማያውቅ ሰው በመጠየቄ ደስ አላላቸውም። «የእናቴ ባቄላ ባለመቀነት ናት። አገሩ የሚያውቃት በዚህ ነው። እናቴ ቁጭ ብላ ስትለቅም መቀነት ያላትን ለዘር፣ የሌላትን ለድስት ነበር የምታደርገው። አያቴም እንደዚያው።»

እኔ አላውቅም ማለት አልለመድኩም። ፍሬዋን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አገላበጥኳት። «ልክ ነው» አልኩ፤ «ይህ የዝርያው ማህተም ነው። ያልተደባለቀ ዘር ሲሆን ነው እንዲህ የሚያወጣው።» ከየት አመጣሁት? ከየትም። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት፤ በደንብ ስለተናገርኩት ግን እኔም አመንኩት። ጋሽ ደምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእናታቸውን ነገር መጽሐፍ ያነበበ ሰው አጸደቀላቸው።

«አንተ መሬት አለህ» አሉኝ። «እኔ ያለኝ በረንዳ ርግብ የሚያድርበት ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ነገር አልፈልግም። ይቺ ዘር እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትጠፋ። ይኸው ነው። አደራ።»

«ይተዉት» አልኩ። «እኔ እጅ ገብታ?»

በዚያ ዓመት ፍሬው ትንሽ ስለነበረ መቀነት ያለውንም የሌለውንም አብረን ዘራነው። ብርዱ ሲለቅ በቀለ። ጋሽ ደምሰው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ይመጡና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣሉ። አይቆፍሩም፤ ያያሉ። አበባ ሲያወጣ ተነሥተው አጎንብሰው አሸተቱት፣ ቀና ሲሉ ክራቫታቸው ጭቃ ነክቶ ነበር። እኔ ከዊንስተን የተዋስኩትን ትንሽ ሬዲዮ እየጠገንኩ ነበር። ዛሬ ያን ሬዲዮ ምን እንደነካው በዝርዝር ልነግራችሁ እችላለሁ፤ የሰውየውን ፊት ግን አላየሁትም፤ አላየሁምና ልነግራችሁ አልችልም።

ቅጠሉ ጤነኛ አልነበረም። አሁን ስጽፈው ቀላል ነው። አንዳንዱ ቅጠል ዥጉርጉር ሆነ፤ አረንጓዴው ውስጥ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ እንደ ካርታ ደሴት ደሴት የሠራ። ጫፉ ተጨማደደ። ዊንስተን በአጥሩ ላይ ተደግፎ ብዙ አየውና «ባቄላህ አሞታል፣ ወዳጄ» አለኝ። «የኢትዮጵያ ባቄላ መልኩ እንደዚህ ነው» አልኩት። ለጋሽ ደምሰው ደግሞ የለንደን ፀሐይ ስለማይበቃው ነው አልኳቸው። ለሁለት ሰው ሁለት ምክንያት ሰጥቼ ሁለቱም ተቀበሉኝ። እሸቱ ሲደርስ ማን ሕመሙን ያስታውሳል? ለስንቱ ሰው አቀመስኩ። ከሃክኒ ድረስ በሁለት አውቶቡስ የመጡ ነበሩ። አሎትመንቱ ውስጥ ቆመው ቅርፊቱን ፈልቅቀው፣ ጥሬውን ያላምጣሉ። አንዲት ሴትዮ ቅርፊቱን ሳትጥል በቦርሳዋ ይዛው ሄደች። «ፕሮፌሰር ለንደንን ገጠር አደረጋት» ተባለ። ተባለ ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬ የሚሉ አሉ።

ሜሮን የመጣችው በዚያን ሰሞን ነው፤ የታችኛው ፍሬ ደርቆ ቅርፊቱ ሲጠቁር፣ የላይኛው ገና አረንጓዴ ሳለ። ሜሮን ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃት የአንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ከለንደን ወጣ ብሎ ያለ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ትማራለች። ለእናቷ እሸት ልትወስድ ነው የመጣችው። ቀኑ የሥራ ቀን ነበርና ጋሽ ደምሰው አልነበሩም። ልጅቷ እሸቱን ትታ ቅጠል መገልበጥ ጀመረች። ከዚያ አንድ የደረቀ ቅርፊት ሰብራ ፍሬውን መዳፏ ላይ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይህ ምልክት ሁሉም ላይ አለ?»

«መቀነቷ ነው» አልኳት። «የዝርያው ማህተም።»

«አይደለም፣ ጋሼ። ይህ ቫይረስ ነው። የባቄላ ቫይረስ። ቅጠሉን የሚያዥጎረጉረውም፣ ፍሬውን ዙሪያውን የሚያበላሸውም እሱ ነው። በዘሩ ውስጥ ገብቶ ይተላለፋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ደግሞ ትንንሽ ጥንዚዛዎች ያደርሱታል።»

«አገር ቤት ስንት ዘመን የተዘራ ባቄላ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ለዚህ ነዋ። ሁልጊዜ የታመመውን መርጠው ለዘር ካስቀመጡት መቼ ይለቀዋል?» እንደ መሳቅ አለችና እኔ አለመሳቄን ስታይ ተወችው። «ግን ይድናል። እንዲያውም ቀላል ነው። መቀነት ያለውን በሙሉ ይብሉት ወይ ይጣሉት። ንጹሑን ለይተው ከዚህ ራቅ ያለ ቦታ ይዝሩት፤ ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ሲያዩ ወዲያው ይንቀሉ። ብዙ እንኳ አያስፈልግም። አሥር ንጹሕ ፍሬ ይበቃል፣ ጋሼ። ከአሥር ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል። ለጋሽ ደምሰው እኔ ልንገራቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

እሸቱን ይዛ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ብሪክስተን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ያ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ቤቴ ነበር፤ የእርሻውን መደርደሪያ ከግራ ወደ ቀኝ አውቀው ነበር። የሰብል በሽታ የሚል ወፍራም መጽሐፍ አወጣሁ። ባቄላ የሚለውን ፈልጌ ገጹን ስገልጥ ፎቶግራፉ መጣ። ዥጉርጉር ቅጠል። ከጎኑ ሦስት የባቄላ ፍሬ፣ ከነመቀነታቸው። ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ልጅቷ ያለችው ነው። አንድም ቃል አልተሳሳተችም። መጽሐፉን መለስኩ፣ በቦታው። ውጭ ዝናብ ነበር፣ ከበሩ ሥር ቆሜ እስኪያባራ ጠበቅሁ። ደነገጥክ ወይ ብትሉኝ አልደነገጥኩም። ተናደድክ ወይ ብትሉኝም አልተናደድኩም። ባለፈው ሳምንት ጥርሴ ሲነቀል እንደተሰማኝ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲጎትት ይታወቀኛል፣ አያመኝም።

ለጋሽ ደምሰው አልነገርኳቸውም። ከዚያ በኋላ እሑድ መጡ፣ አልነገርኳቸውም። ከዚያም በሌላው። ባቄላው ደርቆ ተወቅቶ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግተን ለመልቀም ተቀመጥን። ቴፑ ውስጥ የጋሽ ደምሰው የድሮ ካሴት ነበር፤ ከመደጋገሙ ብዛት ድምፁ የሚያለቅስ ሆኗል። ሁለት የማርማላታ ጠርሙስ አዘጋጅተናል። መቀነት ያላቸው ወደ አንዱ፣ የሌላቸው ወደ ሌላው። ጋሽ ደምሰው አንዷን ሲያነሡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ዐይናቸው ያስጠጓታል።

«ይቺ መቀነቷ ቀጥኗል። ምን ትላለህ?»

«ለዘር ትሁን» አልኩ።

«እናቴ እንዳንተ ዐይነት ሰው በጎረቤቷ ቢኖር ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን አትለቅምም ነበር።»

ለቀምን። እጄ ያውቅ ነበር፤ ያወቀውን ወደ ተሳሳተው ጠርሙስ ይጥል ነበር። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ የማገኘው መልስ ትንሽ ነው። በዚያ ዓመት በለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ ፊት የዝርያው ማህተም ብያለሁ። ሴቶች ለልጆቻቸው ነግረዋል። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ያን ሁሉ ልታፈርስ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዘር እስኪዘራ ብዙ ወር አለ፤ ንጹሑም ጠርሙስ መደርደሪያዬ ላይ ነው፣ የትም አይሄድም።

ከገና በኋላ የእናታቸው ሙት ዓመት ደረሰ። ጋሽ ደምሰው ደወሉልኝ። ካህኑን አነጋግረዋል፣ ብሪክስተን ያለ አንድ አዳራሽ ይዘዋል።

«ንፍሮው በእናቴ ባቄላ ይሁን ብዬ ነው» አሉ። «የድስቱን ጠርሙስ ይዘህልኝ ትመጣለህ? የዘሩን ተው፣ የዘሩን እንዳትነካ። የድስቱን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም እንጂ፤ ሰው ብዙ ነው። ከስንዴ ጋር ተደባልቆ ለሁሉም ቢደርስ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረድኩ። አሥር ፍሬ ማስቀረት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ክዳኑን ከፍቼ እጄን አስገብቻለሁ፣ እዋሻለሁ አልልም። ግን ባስቀር መዝራት አለብኝ፤ ብዘራ ደግሞ በየእሑዱ ባልዲው ላይ የሚቀመጡት ሰው ለምን መቀነት የሌላትን ዘራህ ይሉኛል። ያን ጥያቄ የምመልስበት ቃል በያዝኩት መዝገበ ቃላት ሁሉ ውስጥ አልነበረም። ክዳኑን ገጠምኩ። ኮቴን ለበስኩ፣ ያንን የሞተ እንግሊዝ ኮት፤ ጠርሙሱን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አውቶቡሱን ዘልዬ ተሳፈርኩ።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማሞቂያው አንድ ጎኑ ብቻ ይሠራል። ከጸሎት በኋላ እኔ ጎንበስ ብዬ እሱን አስተካከልኩት፣ ሰውም አመሰገነኝ። ሴቶቹ ንፍሮውን በትሪ አዞሩ። ጋሽ ደምሰው በየሰዉ ፊት በተራ እየቆሙ «የእናቴ ባቄላ ነች፣ እዚህ የበቀለች» ይላሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ትሪውን ከሴትዮዋ ተቀብለው በራሳቸው እጅ ዘገኑልኝ። «ያለ ፕሮፌሰር ይህ አይሆንም ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። መዳፌን አየሁ። በላሁ። ጨው አነሰው መሰለኝ።

በፀደይ ባለመቀነቶቹን ብቻ ዘራን። ሁሉም በቀለ፤ ሁሉም ታመመ። ቅጠሉ ገና ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይወጣ ተዥጎረጎረ። ግማሹ አበባ ሳያወጣ ቆመ፣ ያወጣውም ፍሬ አልያዘም። ብዙም ሳይቆይ የዊንስተን ሁለት ረድፍ እንደዚያው ሆነ፤ ከእሱ ወዲያ ያለው እንግሊዝ የዘራውም ባቄላ። የአሎትመንቱ ኮሚቴ ቅጠሉን ለሚያውቁ ሰዎች ልኮ አስመረመረ። ወረቀቱ ሲመጣ ጸሐፊዋ፣ አንዲት ቦት ጫማ የምታደርግ አሮጊት፣ መሬቴ ድረስ አመጣችልኝ። ከሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል ይላል። ዊንስተን የእሱን ነቅሎ ሲጨርስ በርሜሉንና ክብሪቱን አቀበለኝ።

ቀኑ እሑድ ነበር፣ ጋሽ ደምሰው ባልዲው ላይ ናቸው። እኔ እየነቀልኩ በርሜሉ ውስጥ እጨምራለሁ። ርጥብ ስለሆነ አልነድ ብሎ ጭሱ ብቻ ይወጣል።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉኝ።

«በሽታ ነው ይላል። ቫይረስ። መቀነቱም የእሱ ምልክት ነው ይላል።»

ባቡር አለፈ።

«መቀነት የሌላቸውስ?»

«እነሱ ደህና ነበሩ ይላል።»

«እነሱን በልተናቸዋል።»

«አዎ።»

«በሙሉ።»

«አዎ፣ ጋሽ ደምሰው።»

ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «አንተም አታውቅም ነበር» አሉ። እንደ ጥያቄ አልነበረም።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

«ይሁና። አንተ ያላወቅኸውን ማን ሊያውቅ ይችላል?» አሉና ተነሥተው ባልዲውን ገልብጠው፣ አንድ ያልነቀልኩትን ራሳቸው ነቅለው በርሜሉ ውስጥ ጨመሩት። ወደ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው። በመንገድ ላይ ስለ ማሞቂያቸው አወራን፤ ድምፅ ያሰማል አሉኝ። በማግስቱ ሄጄ ሠራሁላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራ ይሆናል፤ የእኔ ሥራ አይበላሽም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ወረቀታቸው አልቆ አገራቸው ደርሰው ተመለሱ፤ በዚያ አገር ሰው አሁን ሌላ ዘር፣ ትልልቅ ፍሬ ያለው፣ ነው የሚዘራው አሉ። ስለ እናታቸው ዘር ጠይቀው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በሰው ፊት ሁልጊዜ ፕሮፌሰር እንዳሉኝ ነው የሞቱት። ሜሮንን አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አግኝቻታለሁ፣ ልጅ አዝላ። «ያቺ ባቄላ ምን ሆነች፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ድናለች» አልኳት፤ ደስ አላት።

አሎትመንቱን ከሁለት ዓመት በፊት ለካውንስሉ መለስኩ፤ ጉልበቴ እንጂ ሌላው ነገሬ ጤና ነው። አሁንም ሰው ቤት ስሄድ በለንደን መጀመሪያ የአገር ቤት እሸት ያበላን እሱ ነው ይላሉ፣ እኔም አዎ እላለሁ፤ እውነት ነውና። መርፌው አመሻሽ ላይ ለቀቀኝ፣ ሐኪሙ እንዳለው አላመመኝም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ከጻፍኩት አይቀር የቀረችውንም ልጻፋት። አዳራሹ ውስጥ ጋሽ ደምሰው የዘገኑልኝ፣ መዳፌ ላይ፣ ከስንዴው መሐል፣ ባቄላዎቹን ለይቼ ቆጥሬአቸው ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዷም መቀነት አልነበራትም።